ሳልጠየቅ የተቆረጠብኝ ኮርዲላይን

ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር አይቆጭም ይሉኛል። እኔ አልሰጠሁም። ተወሰደብኝ እንጂ። ይህን ልዩነት ለሰው ለማስረዳት ስሞክር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ድምፄ ከፍ ሲል ደግሞ «ለአንድ ቅጠል ነው ይሄ ሁሉ?» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ማንም ሳያቋርጠኝ አንድ ጊዜ ከመነሻው ልናገረው።

ትዳሬ ጎንደር ላይ ፈርሶ ወደ ደባርቅ ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት ችግኝ ነበር። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዳባት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስለነበር ከደባርቅ እየተመላለስኩ ልሠራ አሰብኩ። የአባታችን ግቢ ደባርቅ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ግቢው የታላቅ ወንድሜ ሆኗል። ወንድሜ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ለእኔ በግቢው ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ሰጠኝ። «ቤትሽ ነው» አለኝ። ቤቴ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ችግኞቹን የገዛሁት ጎንደር መንገድ ዳር አበባና ችግኝ ከምትሸጥ ሴትዮ ነው። አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ቀይ። ቅጠላቸው ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ የሾለ፤ ሁሉም ከመካከል ወጥቶ ዙሪያውን ይጎነበሳል። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ግቢ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«ኮርዲላይን ይባላል» አለችኝ ሴትዮዋ። «በጋ ከክረምት ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። መሬት ካለሽ መሬት ላይ፣ ከሌለሽ ደግሞ ግማሽ በርሜል ይበቃዋል።»

መሬት አልነበረኝም። የገዛሁት ለዚህ ቃል ስል ነው ብል አልዋሸሁም።

ሚኒባስ ውስጥ ሁለቱንም ጭኔ ላይ አቅፌ ስቀመጥ ረዳቱ አየኝና «ምነው እህቴ፣ ጅብራ ይዘሽ ወደ ደባርቅ? ስሜን ተራራ ላይ በነፃ ሞልቶ!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሩቅ ላየው እውነትም ጅብራ ይመስላል፤ ጊች ወይም አምቢኮ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ደጋው ላይ በብርድ ብቻውን ተገትሮ የሚቆመው ያ ተክል።

ብየዳ ቤት አንድ አሮጌ የዘይት በርሜል ለሁለት አስቆረጥኩ፤ ከሥሩም ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አስበሳሁ። ከታች ጠጠር አደረግሁ፣ ከላይ አፈርና የወንዝ አሸዋ ከከረመ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ። ሁለቱንም በርሜሎች ከክፍሌ በር ፊት ካለችው በረንዳ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አቆምኳቸው። የወንድሜ ሚስት ወገቧን ይዛ ስታየኝ ቆየችና «ይበላል?» አለች።

«አይበላም።»

«ያብባል?»

«ምናልባት ከዓመታት በኋላ።»

«ታዲያ እንደ ጅብራ ተገትሮ ምን ሊሠራ ነው?» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

የመጀመሪያው ብርድ ቀይዋን ገደለብኝ። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ብነሳ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፤ የቀይዋ ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ጎመን ልምሽሽ ብለው በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተኝተዋል። አረንጓዴው ጫፍ ጫፉ ተለብልቦ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ብርዱን ተማርኩት። ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስቤ በአሮጌ ሻሽ አስረዋለሁ፣ በላዩ ላይ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ሥሩ እንደ መሬቱ ተክል በአፈር ስላልተከበበ በርሜሉንም ዙሪያውን በገለባ እጠቀልለዋለሁ። ፀሐይ ስትወጣ እፈታዋለሁ፤ ታፍኖ ከዋለ መሃሉ ላይ ውሃ ይቋጥርና ልቡ ይበሰብሳል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ በርሜሉን ድንጋይ ላይ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ጎርፉ ሥሩን እንዳያጥለቀልቀው።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት ማዕድ ላይ «እህቴ የሰው ልጅ ታዋልዳለች፣ ራሷ ግን ጅብራ ታጠባለች» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ትዳሬም የፈረሰው በዚሁ ነበር፤ እሱ ይህን ያውቃል። የጎረስኩትን ዋጥኩ። የወንድሜ ሚስት ብቻ አልሳቀችም።

ኮርዲላይኑ አደገ። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግንድ አወጣ፤ ከቁመቴም በለጠ። ከሥር የደረቁትን ቅጠሎች ወደ ታች ሳብ አድርጌ እነቅላቸዋለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ጠንካራ መሆናቸውን አይታ ጎመንና ሽንኩርት ማሰሪያ አደረገቻቸው። እሑድ እሑድ ውሃ ባራሰው ጨርቅ የቅጠሎቹን አቧራ ስጠርግ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለ ባሏም፣ ስለ ልጆቿም፣ ስለ ቆላ ስላሉት ወላጆቿም የነገረችኝ እዚያ ተቀምጣ ነው። የሰፈሩ ሰው የእኛን ቤት ለእንግዳ ሲጠቁም «ያ በበርሜል ጅብራ ያለበት» ይል ጀመር። በዚያ ግቢ ውስጥ በእኔ ስም የሚጠራ ነገር ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሆሳዕና መጣች።

ለሆሳዕና ዘንባባ የሚመጣልን ከሊማሊሞ ቁልቁል፣ ከቆላው ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርክም ጠፍቷል። ወደ ዳባት በኩል ግን ሚኒባስ ይሠራል። እኔ ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩና ዳባት አደርኩ። እሑድ ረፋዱ ላይ ተመልሼ መናኸሪያው ጋ ስወርድ የሰው ሁሉ ግንባር ላይ አረንጓዴ ታስሯል፤ ሕፃናቱ በመስቀል ቅርጽ የታጠፈ ቅጠል ይዘው ይሯሯጣሉ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

አንዲት አሮጊት እጄን ያዙና «እንኳን አደረሰሽ ልጄ፤ ባዶ እጅሽን አትግቢ» ብለው ጣቴ ላይ ቀለበት አሰሩልኝ።

«ዘንባባው ከየት ተገኘ እማማ? መንገዱ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«እግዜር ሲሰጥ ከየት ነው ይባላል እንዴ! ቤተ ክርስቲያን አደሉን።»

አመስግኜ መንገዴን ቀጠልኩ። እየሄድኩ ቀለበቱን በጣቴ አሽከረከርኩት። ዘንባባ ሲያጥፉት ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ይሄ ለስላሳ ነው። ቀለሙም ጠቆር ይላል። አንድ ሰው የገዛ ልጁን ፀጉር በእጁ ዳስሶ እንደሚያውቀው እኔም ያንን ቅጠል በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ስንት እሑድ ጠርጌዋለሁ! እግሬ ሳላዘው መፍጠን ጀመረ።

በረንዳዬ ላይ የቀረው ግንድ ወገቤ አይደርስም። በምሣር ነው የቆረጡት። የተቆረጠው አናቱ ላይ ውሃ አቅርሯል። መሬቱ ላይ ስንጥርጣሪ ቅጠል ተበትኗል፤ የመካከሉ ለጋ ቡቃያ፣ ገና ያልተዘረጋው፣ ተረግጦ ከጭቃ ጋር ተለውሷል።

የወንድሜ ሚስት አፏን በእጇ ሸፍና ከኋላዬ ቆማ ነበር። «እኔ የለሁበትም» አለች። «‹ቅጠሉን ልቀሙ፣ ልቡን አትንኩ፣ እሷ ከሥር ከሥሩ ነው የምትነቅለው› ብዬ ነበር። ወንድምሽ ‹አንቺ ዝም በይ› አለኝ።»

ወንድሜ ጋቢውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁት። ግንባሩ ላይ የእኔ ቅጠል ታስሯል።

«እንኳን አደረሰሽ» አለ።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እ? እሱን ነው? ዘንባባ ጠፋ እኮ። አባም ተጨነቁ። ሕዝቡ ባዶ እጁን ሊቆም ሆነ፤ ‹ግድ የለም፣ ከቤቴ አለ› አልኳቸው።»

«ከቤቴ?»

«ከቤታችን።»

«ጋሼ፣ የእኔ ነው።»

«ያንቺ መሆኑን አጥቼው ነው? ልደውልልሽ ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። ለእግዚአብሔር ቤት ነው የወሰድኩት፣ ለጠጅ ቤት አይደለም።»

«ቅጠሉን ብቻ ብትለቅም ምን ይጎድልብህ ነበር? አንገቱን ለምን ቆረጥከው?»

«አንድ በአንድ ስንለቅም ሊመሽብን! ቆርጠን ወስደን እዚያው ሰነጣጠቅነው። ደግሞ ይበቅላል፤ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አይበቅልም?»

«የደጅህን ጽድ ለምን አልቆረጥከውም?»

ወንድሜ በአጥሩ ሥር የተከላቸው ጽዶች አሉት። ከብት እንዳይነካቸው ዙሪያቸውን እሾህ አጥሮላቸዋል። ከእነሱ ሰው ቅርንጫፍ ሲሰብርበት እንዴት እንደሚጮህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጽድ ዘንባባ አይመስልም» አለ።

«የእኔስ ዘንባባ ነው?»

«ይመስላል።»

ያን ጊዜ ጮህኩ። የጮህኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሰምቶታል። ወንድሜ «አንቺ ሴት፣ በሆሳዕና ቀን እንዲህ ይባላል?» ሲለኝ «በሆሳዕና ቀን የተሠራውን በሆሳዕና ቀን ነው የምናገረው!» አልኩት። ጋቢውን ሰብስቦ ገባ። ቀለበቱ ገና ጣቴ ላይ ነበር። ተባርኳልና መጣል ፈራሁ፤ ማሰርም ጠላሁ። ፈትቼ በርሜሉ አፈር ላይ አስቀመጥኩት።

ማግስቱ ሰሙነ ሕማማት ገባ። በሕማማት ሰው ሰላምታ ስለማይለዋወጥ እኔና ወንድሜ መኮራረፋችንን ማንም ከውጭ ያየ አይለየውም። በአንድ በር እንወጣለን፣ በአንድ በር እንገባለን፣ ለስግደት አንድ ደብር እንሄዳለን፤ ቃል አንለዋወጥም። ስሰግድ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር የማስበው ስለ ጌታ ሕማም አልነበረም። ስለዚያ ምሣር ነበር።

ማክሰኞ ከስግደት በኋላ የንስሐ አባታችንን አገኘኋቸው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«የቅጠሉ ነገር ከሆነ ሰምቻለሁ ልጄ።»

«የእኔ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም። ‹ከቤቴ ነው› አለኝ፤ ከቤቱ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከበረከት ነበር የቆጠርኩት።»

«አሁንስ አወቁ። ምን ይላሉ?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን አዩ። «ሕማማት ነው ልጄ። ጌታ እንኳ በልብሱ ላይ ዕጣ ሲጣጣሉበት ዝም አለ።»

«እኔ ጌታ አይደለሁም አባ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። «በዚህ ሳምንት ኑዛዜም ፍታትም የለም። ትንሣኤን እንለፍና እኔው አነጋግረዋለሁ።»

ቅዳም ስዑር ቄጤማ ታደለ። ቄጤማው ከወንዝ ዳር ታጭዶ መጣ፤ የማንም ደጅ አልተነካም። ይህንንም ሳስብ ተናደድኩ። ያን ሰሞን የማያበሳጨኝ ነገር አልነበረም። በፋሲካ ዕለት ወንድሜ ቤት አልገደፍኩም። የወንድሜ ሚስት ዶሮውን በሳህን ሸፍና ክፍሌ ድረስ ይዛልኝ መጣች፤ ለእሷ ስል በላሁ።

አባ ቃላቸውን ጠበቁ። ወንድሜን ጠርተው «የራስህ ያልሆነውን ነው የሰጠኸው፤ እህትህን ይቅርታ ጠይቅ» እንዳሉት ሰማሁ። እሱ ምን አደረገ? ከእኔ በር እስከ እሱ በር ያለችውን ግቢ አቋርጦ እንደ መምጣት ሽማግሌ ላከብኝ። የተከበሩ አዛውንቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አባቴን የቀበሩ። በዚያች ጠባብ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይና በርጩማ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ታላቅ ወንድም አባት ማለት ነው» ሲሉ ጀመሩ ትልቁ። «ምን ያህል ቢበድልሽ ነው ፊት የነሳሽው? ቅጠል እኮ ነው ልጄ።»

«ቅጠል ከሆነ ለምን ሽማግሌ ላከ?»

ሌላው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ካሳ የምትፈልጊ እንደሆነ…» አሉ።

«ካሳ አልፈልግም አባቴ። ‹ሳልጠይቅሽ ቆረጥኩ፣ አጥፍቻለሁ› ይበለኝ። እሱ ራሱ፣ በገዛ አፉ። ሌላ ምንም አልሻም።»

«እሱማ እኛን መላኩ ያው ማለት አይደለም?»

«አይደለም።»

ወንድሜ ይህ ሁሉ ሲነገር እቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ይሰማል። አንዲት ቃል ነበር የሚበቃው፤ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ቢላትም እንኳ እሰማት ነበር። አላለም። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ አኩርፈው ወጡ።

ከዚያ በኋላ በደባርቅ ሽማግሌ የመለስኩ ሴት ሆንኩ። ወንድሜ የቆረጠውን ያነሳ ሰው የለም፤ እኔ የመለስኩት ግን በየቤቱ ተወራ። ዳባት ድረስ ደረሰ። አንድ ቀን ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት፣ እኔ እጄን እየታጠብኩ፣ ፊቴን ትክ ብለው አዩና «ለጅብራ ብለሽ ከወንድምሽ የተጣላሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «‹ግፊ› በሏት እማማ፤ ይህን በኋላ እናወራዋለን» አልኩ። ልጅቱ በምጧ መሃል ሳቀች።

ዳባት ክፍል ተከራየሁ። ዕቃዬን ለመጫን ትንሽ መኪና ይዤ ስመጣ መጀመሪያ ያወጣሁት ግንዱ የቆመበትን በርሜል ነው። ወንድሜ አጥሩን ተደግፎ ያየኛል።

«በድን ተሸክመሽ ልትሄጂ?» አለ። ከሆሳዕና ወዲህ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር።

«በድንም ከሆነ የእኔ በድን ነው።»

በርሜሉ ብቻዬን አልነሳ አለኝ። የወንድሜ ሚስት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ባሏን ቀና ብላ ሳታይ መጥታ በሌላው ወገን ያዘችልኝ። ሁለታችን አንስተን መኪናው ላይ ጫንነው። እሱ ከአጥሩ አልተነቃነቀም።

አዲሱ ቤቴ ደጅ ላይ የተቆረጠውን አናት ዝናብ እንዳይገባበት በሻማ ሰም ደፈንኩት። ቅጠል የሌለው ግንድ ብዙ ውሃ አይጠጣምና አፈሩን በጥቂቱ ብቻ አረጠብኩ፤ ክረምቱን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አሳለፍኩት። አንዳንድ ጊዜ ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር አደርግና እርጥብ መሆኑን አይቼ እተወዋለሁ። ሐምሌ አለፈ፣ ምንም የለም። ነሐሴ ላይ ከተቆረጠው በታች ቅርፊቱ እዚህም እዚያም አበጠ። መስከረም ሲጠባ እብጠቶቹ ፈንድተው የቡቃያ ራስ ብቅ ብቅ አለ፤ ከሥሩም ከአፈሩ አንዲት ቀጭን ልጅ ወጣች። አለቀስኩ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ሲድን ያየሁት ቁስል እንዴት እንደ ተቆረጠ እንደገና አሳየኝ።

ወንድሜ መጥቶ ያየው በጥቅምት ነው። ለገበያ ዳባት መጥተው ሚስቱ «ሳናያት አንሄድም» ብላ ይዛው መጣች። ሻይ አቀረብኩ። ዓይኑ ወደ ደጅ ሄደና ፊቱ በራ።

«አየሽ! አላልኩሽም?» አለ። «መቆረጡ ጠቀመው እኮ! አንድ ራስ ነበረው፤ ዛሬ ስንት ሆነ! እግዚአብሔር የሰጡትን እንዲህ ነው አብዝቶ የሚመልስ።»

ካደረገብኝ ሁሉ ይሄ በለጠብኝ። ቆርጦኝ ሳያበቃ የመዳኔንም ምስጋና ለራሱ ወሰደው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የበቀለው አንተ ስለ ቆረጥከው አይደለም። ሥሩ ጋ ስላልደረስክ ነው።»

ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። «አንቺ መቼም ልብሽ ድንጋይ ሆኗል» ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሚስቱ ተከትላው ልትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለች። «ያቺ ከሥር የወጣችው ስትጠነክር ለእኔ አድርጊልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የት ትተክያታለሽ?»

«እኔም በርሜል እፈልጋለሁ» አለች።

ዛሬ ከወንድሜ ጋር ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን እንባባላለን። ቂሙን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ። «አሁንስ ቀለለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አልቀለለኝም አባ፤ እሱ እኮ ገና አልተናገረም» አልኳቸው። አባ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ለእሱም እጸልያለሁ» አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ግን እየተናደድኩ ነው ያልኩት።